ከዛፍ የሚረግፈውን ቅጠል እንዴት እንለካለን? በአገር በቀል ደንና በተተከለ ደን ውስጥ

አንድ ሄክታር ደን በዓመት ስንት ኪሎ ቅጠል ያረግፋል? ይህን ለማወቅ ብዙ ሰው መሬት ላይ የተነጠፈውን ጠርጎ ይመዝናል። የሚያገኘው ግን የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። መሬት ላይ ያለው ከረገፈው ላይ የበሰበሰው፣ ጎርፍ የወሰደውና ሰው ለማገዶ የጠረገው ተቀንሶ የተረፈው ብቻ ነው። ከባሕር ዛፍ ሥር ወፍራም ንጣፍ ስለታየ ባሕር ዛፍ ከወይራ ወይም ከዝግባ የበለጠ ያረግፋል ማለት አይቻልም፤ የረገፈው ቶሎ ስለማይበሰብስ ብቻ ተከምሮ ሊሆን ይችላል። ምርቱ የሚታወቀው ቅጠሉ መሬት ሳይነካ ከዛፉ ሥር በቆመ የመረብ መቀበያ ተይዞ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ሳይቋረጥ ሲመዘን ነው። ከዚህ በታች ያለው ለመመረቂያ ጥናት፣ ለደን ልማት ድርጅት ባለሙያ ወይም የራሱን ተክል መከታተል ለሚፈልግ ሰው የሚሆን አሠራር ነው።

ቦታ መምረጥ

ንጽጽር የሚበላሸው በአብዛኛው ገና ከመነሻው ነው። አገር በቀሉ ደን 2,800 ሜትር ላይ፣ የባሕር ዛፉ ተክል 2,300 ሜትር ላይ ከሆነ የተለካው የዛፉ ልዩነት ይሁን የብርዱ አይታወቅም። የከፍታ ልዩነታቸው ከ100 ሜትር የማይበልጥ፣ ቁልቁለታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያይ፣ አፈራቸው የተመሳሰለ ጥንድ ቦታዎች ይፈልጉ። ለዚህ የሚመቹ ቦታዎች አሉን። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን የሐበሻ ጥድና ወይራ ካለበት ነባር ደን አጠገብ የተተከለ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ አለው። በሙኔሳ ሻሸመኔም ዝግባ ያለበት ነባር ደን ከፈረንጅ ጥድ፣ ከባሕር ዛፍና ከፓቱላ (መርፌ መሰል ቅጠል ያለው የፓይን ዓይነት) ተክል ጋር ጎን ለጎን ይገኛል። (የመናገሻው ጥድ ራሱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር እንደተተከለ በትውፊት ይነገራል። ስለዚህ «አገር በቀል» ሲባል የሰው እጅ ፈጽሞ ያልነካው ማለት አይደለም፤ የቦታውን ታሪክ ጠይቆ መመዝገብ ያስፈልጋል።)

ለተተከለው ደን አራት ነገር ሳይመዘገብ ሥራ አይጀመር፦ የተተከለበት ዓመት፣ በዛፎቹ መካከል ያለው ርቀት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የሳሳበት (ከዛፎቹ የተወሰኑት ተቆርጠው የወጡበት) ወይም ቅርንጫፉ የተመለመለበት ጊዜ፣ ከችግኝ የበቀለ ይሁን ከጉቶ ያቆጠቆጠ። በ2.5 በ2.5 ሜትር የተተከለ ደን በሄክታር 1,600 ዛፍ ይይዛል፤ ገበሬ በአንድ በአንድ ሜትር የተከለው ደግሞ 10,000። ሁለቱን «የባሕር ዛፍ ተክል» ብሎ በአንድ ስም ማስፈር ዋጋ የለውም። በቅርቡ የሳሳ ተክል ደግሞ ጫፉ (የዛፎቹ ቅጠላማ አናት) መልሶ እስኪገጥም ድረስ የሚያረግፈው ከተለመደው ያነሰ ነው።

ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ያስፈልጋሉ። በአንድ የባሕር ዛፍ ተክል ውስጥ 12 መቀበያ ማቆም ስለዚያ ተክል እንጂ ስለ ባሕር ዛፍ አይናገርም፤ በስታቲስቲክስ ቆጠራ አንድ ናሙና ነው። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ በፈታኞች ፊት የሚወድቀው እዚህች ላይ ነው።

የናሙናው ቦታ 20 በ20 ሜትር ይሁን፤ ከደኑ ዳር ቢያንስ 30 ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። ዳር ላይ ነፋስ ከውጭ ያስገባል፣ ከውስጥም ያስወጣል። የቤተ ክርስቲያን ደኖች ብዙዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ 30 ሜትር ላይገኝ ይችላል፤ ያኔ የተገኘውን ርቀት መዝግቦ፣ አጠገቡ ካለው ተክልም በተመሳሳይ ርቀት መሥራት ነው። በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ከደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው፤ ዘበኛውን ማስተዋወቅም አይረሳ፤ መቀበያዎቹን ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው እሱ ነው።

ቁልቁለት ላይ የሜትሩ ገመድ መሬቱን ተከትሎ ከተዘረጋ ቦታው በካርታ ሲታይ ያንሳል። 20ን ለቁልቁለቱ ኮሳይን ያካፍሉ። በ25 ዲግሪ ቁልቁለት ወደ ታች የሚለካው 22 ሜትር ያህል ይሆናል።

መቀበያውን መሥራት

ከዋጋና ከጥንካሬ አንጻር ጥሩ የሚባለው ግማሽ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው አራት ማዕዘን ነው። የውስጥ ጎኑ 70.7 ሳ.ሜ ነው። ይህ ልክ አንድ ምቹ ነገር አለው፤ ከማዕዘን ማዕዘን ያለው ሰያፍ ልክ 1 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ክፈፉ ከተመታ በኋላ ሁለቱንም ሰያፍ በሜትር መለካት ብቻ ይበቃል። አንዱ 1.05፣ ሌላው 0.95 ከሆነ ክፈፉ ተጣሟል። ማዕዘኑ ከ90 ወደ 80 ዲግሪ ቢዛባ ስፋቱ 1.5 በመቶ፣ ወደ 70 ቢዛባ 6 በመቶ ይቀንሳል። በእርጥብ ማገር የተሠራ ክፈፍ ሲደርቅ ይጣመማልና በየሦስት ወሩ ይህን ልኬት መድገም ያስፈልጋል።

ለክፈፉ የደረቀ የባሕር ዛፍ ማገር ወይም ቀርከሃ ይበቃል። ከፌሮ ብረት የተበየደ ክፈፍ ቀጥ ብሎ ይቆያል፤ ነገር ግን ብረት ይሸጣል፤ መንገድ አጠገብ ያለ ደን ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቆይም። እንጨት መምረጥ ይሻላል። አራት እግር ከቀጭን አጣና በ1.30 ሜትር ይቆረጣል፤ 30 ሳ.ሜ ይቀበራል፣ 1 ሜትር ከመሬት በላይ ይቀራል። ይህ ከፍታ ከመሬት የሚፈናጠረውን ጭቃና ነፋስ የሚያነሳውን የቆየ ቅጠል ይከላከላል። ምስጥ ባለበት ቦታ የሚቀበረውን ክፍል ብቻ የተቃጠለ ዘይት ይቀቡት። ዘይቱ ወደ ላይ ከወጣ መረቡን ነክቶ ናሙናውን ያበላሻል።

መረቡ ናይሎን ሆኖ ቀዳዳው 1 ሚ.ሜ ያህል ይሁን። ቀዳዳው ከሰፋ የግራርና የዲከረንስ (ከውጭ የመጣ የግራር ዓይነት) ደቃቅ ቅጠል፣ የጥድም ቅርፊት መሰል ቅጠል ያልፋል። ከጠበበ ደግሞ ውኃ ያቁራል፤ በክረምት ቅጠሉ መቀበያው ውስጥ እያለ ይበሰብሳል። ችግኝ ጣቢያ የሚጠቀሙበት ሼድ ኔት ጥቅጥቅ ያለው ዓይነት ያገለግላል፤ ለመስኮት የሚሸጠው የትንኝ መከላከያ መረብም እንዲሁ። የወባ አጎበር ግን አይሆንም፤ ፀሐይ ቶሎ ይበላዋል፤ የሚያስፈልገውም ለሌላ ነው።

1.2 በ1.2 ሜትር የተቆረጠ መረብ በክፈፉ ላይ ተጠቅልሎ ሲሰፋ መሃሉ 30 ሳ.ሜ ያህል ወደ ታች መውረድ አለበት። የተወጠረ መረብ ላይ የዋንዛ ቅጠል ያርፍና በመጀመሪያው ነፋስ ይሄዳል። ከመረቡ ሆድ ሥር በውጭ በኩል ትንሽ ድንጋይ ቢታሰር መረቡ በነፋስ አይገለበጥም። መሬቱ ቁልቁል ቢሆንም የክፈፉ አፍ በውኃ ልክ ጠፍጣፋ ይሁን፤ ለዚህ የላይኞቹን ሁለት እግሮች አሳጥሮ የታችኞቹን ማስረዘም ነው።

ስንት መቀበያ፣ የት?

በአንድ የናሙና ቦታ 10 ወይም 12 የተለመደ ነው፤ ግን ቁጥሩን በግምት ከመያዝ ለአንድ ወር ሞክሮ ማስላት ይሻላል። መቀበያዎቹ በያዙት ክብደት መካከል ያለውን መለያየት በመቶኛ (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ለአማካዩ ተካፍሎ በ100 ተባዝቶ) ይያዙ፤ በ2 ያባዙት፤ ሊቀበሉት በሚችሉት የስህተት መቶኛ ያካፍሉት፤ ውጤቱን በራሱ ያባዙት። መለያየቱ 30 በመቶ ሆኖ 10 በመቶ ስህተት ከተፈለገ 36 መቀበያ ያስፈልጋል። 20 በመቶ ከበቃ 9 ይበቃል። አገር በቀል ደን ዛፉ የተቀላቀለ፣ ጫፉም ቦታ ቦታ ክፍት ስለሆነ መለያየቱ ከተተከለ ደን ይበልጣል። እኩል ቁጥር ማቆም ፍትሐዊ ቢመስልም ትክክለኛነቱ እኩል አይሆንም፤ መጨመር ካለበት ለአገር በቀሉ ይጨመር።

አቀማመጡ በዕጣ ይሁን። ሰው ዓይኑ ያየው ቦታ ላይ ሲያቆም ሳያውቀው ወፍራም ዛፍ ሥር ወይም ለመራመድ የሚመች ክፍት ቦታ ይመርጣል። በተተከለ ደን ውስጥ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ለመቆፈርም ለመመላለስም ስለሚቀል ሁሉም መቀበያ በሁለት ረድፍ መካከል ይተከላል። በ2.5 ሜትር ርቀት በተተከለ የፈረንጅ ጥድ ግንዱ አጠገብ የሚወድቀውና መሃል የሚወድቀው እኩል አይደለም። ስለዚህ ሲሶው ከግንድ አጠገብ፣ ሲሶው በመካከለኛ ርቀት፣ ሲሶው በረድፎቹ መሃል ይሁን።

መሰብሰብ

ከሰኔ እስከ መስከረም በየ14 ቀኑ፣ በበጋ በየወሩ። በክረምት ወር ሙሉ መተው ትልቅ ስህተት ነው፤ ዝናብ ከቅጠሉ የሚሟሟውን አጥቦ ይወስዳል፤ ሻጋታም ይበላዋል፤ የሚመዘነው ከረገፈው ያነሰ ይሆናል። ፖታሲየም በተለይ በዝናብ ቶሎ የሚታጠብ ስለሆነ ለንጥረ ነገር ምርመራ የሚላክ ናሙና ከሆነ በክረምት ሳምንታዊ ቢሆን ይመረጣል።

በኢትዮጵያ ወር የሚሠራ ሰው ጳጉሜንን ይጠንቀቅ። የነሐሴ ናሙና መስከረም 1 ቢሰበሰብ የ30 ሳይሆን የ35 ወይም የ36 ቀን ርጋፊ ነው። ስለዚህ በየቅጹ ላይ የወሩ ስም ብቻ ሳይሆን ያለፈው የተሰበሰበበት ቀንና የዛሬው ቀን ይጻፍ፤ ስሌቱም በቀን ይሁን። ከሌላ አገር ውጤት ጋር ለማስተያየት የፈረንጁ ቀንም አጠገቡ ቢኖር ጥሩ ነው።

ናሙናው በካኪ ፖስታ ወይም በወረቀት ከረጢት ይያዝ። በፌስታል የታሰረ እርጥብ ቅጠል በሁለት ቀን ይሻግታል። መለያው በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ በእርጥበት ይፈሳል። አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከረጢቱ ውስጥም ይግባ።

ከመቀበያው ጠርዝ ላይ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ የተንጠለጠለ ረጅም የባሕር ዛፍ ልጣጭ ወይም ቅርንጫፍ ሲገኝ በክፈፉ ጠርዝ ልክ ይቆረጥና የውስጡ ብቻ ይወሰዳል። ሙሉውን መውሰድም፣ ሙሉውን መጣልም ውጤቱን ያዛባል። አረንጓዴ ቅጠል በብዛት ከተገኘ ምክንያቱ ይመዝገብ፦ በረዶ ጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ጉሬዛ ወይም ጦጣ ቅርንጫፍ ሰብሮም ሊሆን ይችላል። አይጣልም፤ ከርጋፊው ለይቶ መመዘን ነው እንጂ።

የተገለበጠ፣ የተቀደደ ወይም የጠፋ መቀበያ ሲገኝ ቅጹ ላይ ባዶ ይተው፤ «0» አይጻፍ። ዜሮ ማለት መቀበያው ነበረ፣ ምንም አልወደቀበትም ማለት ነው።

መለየት

ናሙናው በቅጠል፣ በጭራሮ (ውፍረቱ ከ2 ሳ.ሜ በታች የሆነ)፣ በልጣጭ፣ በአበባና ፍሬ፣ በደቃቅ ቅሪት ይለያል። ከ2 ሳ.ሜ በላይ ያለው እንጨት በዚህ መንገድ በትክክል አይለካም፤ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ አንድ መቀበያ ላይ ቢወድቅ የዓመቱን አማካይ ብቻውን ያናጋል። እሱ የሚለካው በተጠረገ ሰፊ መሬት ላይ በየሦስት ወሩ በመልቀም ነው።

አከራካሪው ጥድ ነው፤ የሐበሻውም የፈረንጁም። ቅጠሉ ከቀጭን ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ ስለሚረግፍ ቅጠሉን ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። የሚሠራው ደንብ ውፍረቱ ከ2 ሚ.ሜ የማይበልጠውን ቅጠል የያዘ ጫፍ በሙሉ ከቅጠል መቁጠር ነው። ሌላ ደንብም መያዝ ይቻላል፤ በዓመቱ መሃል መቀየር ግን አይቻልም። የኮሶን ቅጠል አጥንት በተመለከተም እንዲሁ፦ ከቅጠሉ ጋር ይቆጠራል። የወፍ ኩስ፣ ነፍሳትና አፈር ይወገዳሉ።

ማድረቅና መመዘን

የላቦራቶሪ ማድረቂያ ምድጃው 65–70 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጊዜው 48 ሰዓት፤ ፍሬና ጭራሮ 72 ሰዓት ሊፈልግ ይችላል። ማብቂያው ሰዓቱ ሳይሆን ክብደቱ ነው፤ በአራት ሰዓት ልዩነት ሁለቴ ተመዝኖ ካልቀነሰ ደርቋል። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ 105 ዲግሪ ላይ ማድረግ ከባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይቱን ያተናል፤ ለናይትሮጅን ምርመራም ናሙናውን ያበላሻል። ምጣድ ላይ አድርጎ ለማድረቅ የሚሞክር አይጠፋም፤ ሙቀቱ ስለማይታወቅ ከሥር ያርራል፤ ከላይ እርጥብ ይቀራል።

ምድጃው ሩቅ ከሆነ ሁሉንም መሸከም አያስፈልግም። ቅጠሉን ጥላ ውስጥ በአየር አድርቆ ሙሉውን መመዘን፣ ከዚያ በደንብ ቀላቅሎ 50 ግራም መላክ። የተላከው 50 ግራም ደርቆ 44.5 ግራም ከሆነ ማባዣው 0.89 ነው፤ በአየር የደረቀው 420 ግራም ቢሆን ደረቅ ክብደቱ 373.8 ግራም ይሆናል። ይህ ማባዣ በየወሩ ለየብቻው ይወጣ፤ የሐምሌ አየርና የጥር አየር እርጥበቱ አንድ አይደለም።

ስሌት

12 መቀበያ በ0.5 ሲባዛ 6 ካሬ ሜትር ነው። በ30 ቀን የተሰበሰበው ደረቅ ቅጠል 312 ግራም ቢሆን በካሬ ሜትር 52 ግራም ይደርሳል። ግራም በካሬ ሜትር በ10 ሲባዛ ኪሎ በሄክታር ይሰጣል፤ ስለዚህ 520 ኪሎ። አንዱ መቀበያ ጠፍቶ በ11ዱ 286 ግራም ቢገኝ መካፈል ያለበት ለ5.5 ነው፤ ውጤቱ ያው 52 ይሆናል። በልማድ ለ6 ያካፈለ 47.7 ያገኛል፤ የወሩን ምርት 8 በመቶ አሳነሰ ማለት ነው።

የዓመቱ ድምር ጫፉ ለገጠመ የደጋ ደን በሄክታር የተወሰኑ ቶኖች ነው። 1 ቶን ያልሞላ ወይም 20 ቶን ያለፈ ቁጥር ከወጣ ደኑን ሳይሆን ስሌቱን ይጠርጥሩ፤ ብዙ ጊዜ የጠፋው የመቀበያው ስፋት ነው። ቅጠል ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ ካልሆነም መለየቱ ይፈተሽ።

ውጤቱን በአንድ የዓመት ቁጥር ብቻ ማቅረብ የሥራውን ግማሽ መጣል ነው። ነባሩና የተተከለው ደን በጠቅላላ ድምር ሊቀራረቡ ይችላሉ፤ ልዩነታቸው ያለው መቼና ምን እንደሚያረግፉ ላይ ነው። ብሳናና ዋንዛ ቅጠላቸውን የሚያረግፉት በአብዛኛው በበጋ ነው፤ በተቀላቀለ ደን ውስጥ ግን የአንዱ ሲያቆም የሌላው ይጀምራል። በአንድ ዓይነት ዛፍ የተሞላ ተክል ግን የዛፉን የራሱን ወቅት ብቻ ያሳያል። ስለዚህ የ12 ወሩ ግራፍ ከዝናቡ መጠን ጋር ጎን ለጎን ይቅረብ።

መሬት ላይ ያለው ንጣፍ

መነሻው ላይ ወደ ጎን የተተወው ጥረጋ እዚህ ላይ ቦታ አለው። በ50 በ50 ሳ.ሜ ክፈፍ ውስጥ ያለውን ንጣፍ እስከ አፈሩ ድረስ በቢላዋ ጠርዙን ቆርጦ ማንሳት፣ በየናሙና ቦታው 8 ወይም 10 ጊዜ። የዓመቱ ርጋፊ ለንጣፉ ሲካፈል የመበስበሱን ፍጥነት ያሳያል። ለምሳሌ 6 ቶን ረግፎ 12 ቶን ተነጥፎ ከተገኘ 0.5 ነው፤ ቅጠሉ በአማካይ ሁለት ዓመት ይቆያል። 7 ቶን ረግፎ 5 ቶን ብቻ ከተገኘ 1.4፤ ስምንት ወር ተኩል ያህል። የዋንዛና የብሳና ቅጠል ስስና ናይትሮጅን ያለው ስለሆነ ወደ ሁለተኛው ይጠጋል፤ የፓቱላና የፈረንጅ ጥድ ወደ መጀመሪያው።

ይህ ማካፈል የሚያሳስትባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ። ተክሉ ወጣት ከሆነና ንጣፉ ገና እየተከመረ ከሆነ አካፋዩ ትንሽ ስለሆነ መበስበሱ ከእውነቱ የፈጠነ ይመስላል። ሁለተኛው ሰው የሚጠርገው ደን ነው። በእንጦጦ ለዓመታት እንደታየው የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጠርጎ ለእንጀራ መጋገሪያ በሚሄድበት ቦታ ንጣፉ ግማሹ ተወስዶ ከሆነ ስሌቱ የመበስበሱን ፍጥነት እጥፍ ያደርገዋል፤ የበሰበሰ ነገር ግን የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ንጣፉን ትቶ ቅጠል በከረጢት መቅበር ይሻላል፦ ቀዳዳው 2 ሚ.ሜ የሆነ የናይሎን መረብ በ20 በ20 ሳ.ሜ ይሰፋል፤ አዲስ ከረገፈው 10 ግራም በአየር የደረቀ ቅጠል ይገባበታል፤ ከነባሩ ንጣፍ ሥር ተሸሽጎ በሚስማር ይያዛል። በ1፣ በ3፣ በ6፣ በ9ና በ12 ወር ከየናሙና ቦታው አራት አራት ይነሳል። ሲነሱ አፈር ገብቶባቸው ስለሚከብዱ በብሩሽ ጠርጎ መመዘን ብቻ አይበቃም፤ ከየከረጢቱ ጥቂት ወስዶ በ550 ዲግሪ አቃጥሎ በአመዱ ብዛት የገባውን አፈር አስልቶ መቀነስ ነው። ወሩ እየጨመረ ሲሄድ ክብደቱ ከመቀነስ ይልቅ ጨምሮ የተገኘ ከረጢት ካለ ምክንያቱ ይኸው አፈር ነው።